ሰው መሳዩ ማሽን በአንጎላችን ፊት



ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2018 አዲስ አበባ ስትመጣ ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን ሳታዩአት አልቀራችሁም። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሶፊያን የሠራት መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገው ሃንሰን ሮቦቲክስ ነው፤ በሶፍትዌሯ ሥራ ግን እዚሁ አዲስ አበባ የሚገኘው የአይኮግ ላብስ ወጣቶችም እጃቸው አለበት። ፈገግ ትላለች፤ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፤ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ ታደርጋለች። ከራስ ቅሏ በስተኋላ ደግሞ ሽቦውና ሞተሩ በግልጽ ይታያል። ማሽን መሆኗ የተሰወረበት ተመልካች አልነበረም። ያም ሆኖ ፈገግ ስትል ሳያስበው አብሯት ፈገግ ያለ ይኖራል፤ ሰውነቱን የሰቀጠጠው ይኖራል፤ ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተፈራረቁበትም ይኖራል።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ተመልካች ነው። ማሽን መሆኑን እያወቀ ለምን ፈገግ ይላል? እያወቀስ ለምን ይሰቀጥጠዋል? መልሴን ሳላቆይ ልናገር። አንጎላችን ውስጥ «ይህ ሰው ነው ወይስ ዕቃ?» የሚለውን ጥያቄ ለብቻው ተቀብሎ የሚፈርድ አንድ ዳኛ የለም። ፊትን የሚለይ ክፍል አለ፤ እንቅስቃሴን የሚከታተል አለ፤ «በውስጡ የሚያስብና ስሜት ያለው አለ ወይ?» ብሎ የሚመዝን አለ። እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነትና በራሱ ማስረጃ ይሠራል። ከሰው ጋር ስንገናኝ ሁሉም አንድ ቃል ስለሚሰጡ ብዙ መሆናቸውን እንኳ አናስተውልም። ሰው መሳይ ማሽን ፊት ስንቆም ግን ቃላቸው ይለያያል። ያ መሰቅጠጥ የልዩነታቸው ምልክት ነው፤ እኔም በቀላሉ ልንጥለው የማይገባ ምልክት ነው ባይ ነኝ።

ከፊት እንጀምር። የሰው ልጅ ፊት የመፈለግ ዝንባሌን ይዞ ነው የሚወለደው። በ1975 በታተመ ጥናት፣ ከተወለዱ ገና ደቂቃዎች የሆናቸው ሕፃናት የፊት ሥዕል በአጠገባቸው ሲንቀሳቀስ ዓይናቸውንና ራሳቸውን አዙረው ተከትለውታል። ዓይኑ፣ አፍንጫውና አፉ የተዘበራረቀበትን ሥዕል ግን ያን ያህል አልተከተሉትም። የማንንም ፊት በቅጡ ሳያዩ ማለት ነው። በአዋቂ ሰው አንጎል ደግሞ በግርጌው በኩል፣ በተለይም በቀኙ ወገን፣ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ለፊት አብልጦ የሚሠራ ቦታ አለ፤ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ በ1997 በኤም አር አይ መሣሪያ ያሳዩት ነው። ፍጥነቱም ያስደንቃል። በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ሲለካ፣ ፊት ከታየ ከ170 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ስድስተኛ እጅ ውስጥ፣ ለፊት ጎልቶ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ምልክት ይመጣል።

ይህ ፈጣን ክፍል ቸር ነው። ሁለት ነጥብና አንድ ጭረት ይበቃዋል። የመኪና የፊት መብራት፣ የግድግዳ ሶኬት፣ የደመና ቁራጭ ፊት ሆኖ ይታየዋል። ቸርነቱም ምክንያት አለው፤ ፊት ያልሆነውን ፊት ብሎ መሳሳት የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፣ እውነተኛውን ፊት ሳያዩ ማለፍ ግን ብዙ ያስከፍላል። ታዲያ አሻንጉሊትን ከሰው የምንለየው መቼ ነው? ታሊያ ዊትሊና ባልደረቦቿ በ2011 ባሳተሙት ሥራ የሰውና የአሻንጉሊት ፊቶችን እያሳዩ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ለኩ። በመጀመሪያው ምልክት ላይ ሁለቱም ፊት ናቸው። ከ400 ሚሊሰከንድ ወዲያ ግን የአንጎሉ ሥራ ለሰው ፊት ሲቀጥል ለአሻንጉሊቱ ይበርዳል። ደጅ ሲንኳኳ ማንም ይሁን ማን ሮጦ የሚከፍት ሕፃን አለ፤ ከጓዳ ወጥታ «ማን ልበል?» የምትል እናት ደግሞ ትከተለዋለች። አንጎላችን ሁለቱንም በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ይሆናል።

«ማን ልበል?» ለሚለው ለእናቲቱ ጥያቄ መልስ የሚፈለገው በተለይ ከዓይን ነው። ዊትሊ ከክሪስቲን ሉዘር ጋር በ2010 ባወጣችው ጥናት የአሻንጉሊት ፊት ደረጃ በደረጃ ወደ ሰው ፊት የሚለወጥባቸውን ምስሎች አዘጋጅተው ለተመልካቾች አሳዩ። ተመልካቾቹ «ይህ ሕይወት አለው» ለማለት ምስሉ ከግማሽ አልፎ ወደ ሰው ወገን እጅግ መጠጋት ነበረበት። ሲወስኑም ከአፍንጫና ከአፍ ይልቅ ያመኑት ዓይንን ነው።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የዓይንን ኃይል ከማንኛውም ቤተ ሙከራ በፊት ያውቁት ነበር። በጥንቱ የአሣሣል ወግ ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸው፣ ጎላ ጎላ ካሉት ሁለት ዓይኖቻቸው ጋር ይሣላል፤ አሳዳጆችና ሰይጣናት በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ምእመኑ ከቅዱሱ ጋር ዓይን ለዓይን ይገናኛል፣ ከክፉው ጋር አይገናኝም። ሥዕል መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ዕይታው ግን ይይዛል። በጣሊያን፣ ጄኖቫ ከተማ፣ የሕፃን ቁመት ባለው አይከብ በተባለ ሮቦት የተካሄደ ሙከራ ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይቷል። በ2021 በታተመው በዚህ ሥራ ሰዎች ከሮቦቱ ጋር ማን ለማን መንገድ ይለቃል የሚል የውድድር ጨዋታ ይጫወታሉ። ከውሳኔያቸው በፊት ሮቦቱ አንዳንዴ ዓይናቸውን ያያል፣ አንዳንዴ ወደ ጎን ይመለከታል። ዓይናቸውን ባየ ጊዜ ውሳኔያቸው ዘገየ፤ አንጎላቸውም ያንን ዕይታ ገታ ለማድረግ ተጨማሪ ሥራ ሲሠራ ተለካ። ከዕይታው በስተጀርባ ካሜራ እንጂ ሌላ እንደሌለ ማወቃቸው አላዳናቸውም።

ከፊት ቀጥሎ እንቅስቃሴ አለ። ስዊድናዊው ጉናር ዮሐንሰን በ1973 ባሳተመው ዝነኛ ሥራ በሰዎች መገጣጠሚያ ላይ፣ በትከሻ፣ በክርን፣ በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚት፣ ትናንሽ መብራቶች አድርጎ በጨለማ ቀረጻቸው። ሰውየው ዝም ብሎ ሲቆም የሚታየው የተበተነ ነጥብ ነው። መራመድ ሲጀምር ግን ተመልካቹ ወዲያው «ሰው!» ይላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሰዎች ጓደኞቻቸውን በነዚሁ ነጥቦች አረማመድ ብቻ መለየት እንደሚችሉ ታየ። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ፊቱ ሳይለይ «እገሌ ነው፣ በአረማመዱ አውቄዋለሁ» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሕይወት ያለው አካል እጁን ሲዘረጋ በዝግታ ይጀምራል፣ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ሊደርስ ሲል ይለዝባል። ቆሞም እንኳ አይቆምም፤ ይተነፍሳል፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል። ብዙ ሮቦቶች ይህ የላቸውም፤ ድንገት ይነሣሉ፣ ድንገት ይገታሉ፣ ሲቆሙም እንደ ግንድ ድርቅ ይላሉ።

እንግዲህ ሰው የመሰለ ፊትና ማሽን የመሰለ እንቅስቃሴ በአንድ አካል ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ጃፓናዊው የሮቦት ምሁር ማሳሂሮ ሞሪ በ1970 አንዲት አጭር ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሮቦት ሰው እየመሰለ ሲሄድ ለእሱ ያለን ፍቅር እየጨመረ ይሄዳል፤ ፍጹም ሊመስል ጥቂት ሲቀረው ግን ድንገት ቁልቁል ይወርዳል አለ። ይህንን ሰቅጣጭ ሸለቆ ብለን እንጥራው። ሞሪ የጠቀሰው ምሳሌ ሰው ሠራሽ እጅ ነው። ከሩቅ እውነተኛ ይመስላል፤ ስንጨብጠው ግን አጥንት የሌለው ቀዝቃዛ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን፣ ያን ጊዜ ይዘገንነናል። እንቅስቃሴ ሲጨመርበት ሸለቆው እንደሚጠልቅም ጽፏል። ይህን ሁሉ ያለው ከአስተውሎት ተነሥቶ ነው፤ በጊዜው የቤተ ሙከራ ማስረጃ አልነበረውም።

ማስረጃው ከአርባ ዓመት በኋላ መጣ፤ ከማውቃቸው የአንጎል ሙከራዎች ሁሉ በአሠራሩ ንጽሕና ከምወዳቸው አንዱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አይሼ ፒናር ሳይጊን ከለንደንና ከጃፓን ባልደረቦቿ ጋር ሆና በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ የተሠራችውን ሪፕሊ ኪው ሁለትን ተጠቀመች። ይህች ሮቦት በአንዲት ጃፓናዊት አምሳል የተሠራች፣ የሲሊኮን ቆዳ የለበሰች ናት። በአጭር ቪዲዮ ለሚያያት ሰው መስላ ታልፋለች። ተመራማሪዎቹ ሦስት ዓይነት ቪዲዮ አዘጋጁ። በመጀመሪያው ሮቦቷ የተቀረጸችባት ሴት ራሷ አለች፤ በሁለተኛው ቆዳ የለበሰችው ሮቦት፤ በሦስተኛው ያቺው ሮቦት ቆዳዋ ተገፎ ብረቱና ሽቦው ገሃድ ወጥቶ። ሦስቱም እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ከኩባያ ይጠጣሉ፣ ጠረጴዛ ይጠርጋሉ። ብልሃቱን ልብ በሉልኝ፦ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ በእንቅስቃሴ አንድ ናቸው፣ ያው አንድ ማሽን ናቸውና። አንደኛዋና ሁለተኛዋ በመልክ ይቀራረባሉ። ስለዚህ በሁለተኛዋ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ካለ ከመልክ ብቻ ወይም ከእንቅስቃሴ ብቻ ሊመጣ አይችልም፤ ከሁለቱ አለመጣጣም እንጂ።

ከሮቦት ጋር ሠርተው የማያውቁ 20 ሰዎች በኤም አር አይ ውስጥ ተኝተው ቪዲዮዎቹን አዩ። የትኛዋ ሰው፣ የትኛዋ ሮቦት እንደሆነች አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ውጤቱ ይህ ነው፦ ሴትየዋንና የተገፈፈችውን ሮቦት ሲያዩ አንጎላቸው ተቀራራቢ ሥራ ሠራ። ሰው መሳይዋን ሲያዩ ግን በሁለቱም ወገን፣ ከአናት ወደ ኋላ ባለው ፓራይታል በተባለው ክፍል፣ እጅግ የተለየ ሥራ ታየ። ይህ ክፍል የሌላውን አካል እንቅስቃሴ የሚያይ የአንጎል ቦታን የራስን አካል ከሚያንቀሳቅሰው ቦታ ጋር የሚያያይዝ ነው። የተመራማሪዎቹ ትርጓሜ እንዲህ ነው። አንጎል ቁጭ ብሎ የሚመጣለትን አይጠብቅም፤ አስቀድሞ ይገምታል። ሰው ካየ የሰውን ለስላሳ እንቅስቃሴ ይገምታል፣ ብረት ካየ የብረቱን። ሴትየዋ እንደ ሴት ተንቀሳቀሰች፣ ብረቱም እንደ ብረት፤ ግምቱ ሠመረ። ሰው መሳይዋ ግን ሰው ናት አሰኝታ እንደ ብረት ተንቀሳቀሰች። አንጎል ያን ጊዜ ግምቱን ለማረም ይደክማል።

ሸለቆው ተፈቷል ማለቴ አይደለም። ሞት ስለሚያስታውሰን ነው የሚሉ አሉ፤ ከበሽተኛ አካል የመሸሽ ጥንታዊ ስሜት ነው የሚሉም አሉ፤ ሸለቆውን ፈልገው ያጡ ጥናቶችም አሉ። ከፊልም የተማርነው ፍርሃት ነው ለሚሉት ግን የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ያሳተሙትን እነግራቸዋለሁ። ለማካክ ጦጣዎች የእውነተኛ ጦጣ ፊት፣ በግልጽ በኮምፒውተር የተሣለ ፊትና እውነተኛ ሊመስል የተቃረበ ሥዕል ቀረበላቸው። ጦጣዎቹ ከሁሉ ያነሰ ጊዜ ያዩት የተቃረበውን ነው። ጦጣ ደግሞ ፊልም አይቶ አይፈራም።

የነዚህ ክፍሎች መለያየት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ የሚያሳየኝ አንድ በሽታ ነው። ፈረንሳዊው የአእምሮ ሐኪም ዦዜፍ ካፕግራ በ1923 ከባልደረባው ጋር የመዘገበው ነው፤ በስሙም ይጠራል። ታማሚው የሚስቱን፣ የእናቱን ወይም የልጁን ፊት አጥርቶ ያያል፣ መልኩንም አይስትም። ግን «እሷን ትመስላለች እንጂ እሷ አይደለችም፣ አስመሳይ ናት» ይላል። ኤሊስና ያንግ የተባሉ ብሪታንያውያን በ1990 ያቀረቡት ማብራሪያ፣ ፊትን የሚለየው መንገድ ደኅና ሆኖ ከፊቱ ጋር የሚመጣውን የመውደድ ሙቀት የሚያደርሰው መንገድ ተቋርጧል የሚል ነው። ኋላ ላይ በቆዳ ላይ ያለውን የላብ ለውጥ በመለካት ሲፈተኑ፣ የነዚህ ታማሚዎች ሰውነት ለሚታወቅ ፊት እንደ ጤነኛ ሰው ምላሽ አልሰጠም። ዓይን «እሷ ናት» ይላል፣ ሰውነት ዝም ይላል፤ አእምሮ በመካከል ሆኖ ታሪክ ይፈጥራል። አስጨናቂ ሕመም ነው፤ ለቤተሰብም ከመርዶ አይተናነስም። ሰው መሳይ ሮቦት ፊት የምንቆም ጤነኞች ከዚህ መለያየት አንዲት ጠብታ እንቀምሳለን።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል ጥያቄ ልለፍ፤ ውስጡ ማን አለ? እዚህ ላይ ቸርነታችን ወሰን የለውም። ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ዚመል በ1944 ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና አንዲት ክብ ብቻ የሚንቀሳቀሱበትን አጭር ፊልም ለ34 ሴት ተማሪዎች አሳዩ፤ ያዩትን እንዲጽፉም ጠየቁ። ከአንዲቷ በቀር ሁሉም ትልቁ ሦስት ማዕዘን ጉልበተኛ ሆኖ፣ ትንሹ ሲታገል፣ ክቧ ፈርታ ስትሸሽ እንዳዩ አድርገው ጻፉ። ፊት የለም፣ ዓይን የለም፤ ጠብና ፍርሃት ግን ታየ። በ2008 የታተመ የጀርመን ጥናት ደግሞ ሰዎች ከኮምፒውተር፣ ከተራ ሮቦት፣ ሰው ከመሰለ ሮቦትና ከሰው ጋር አንድ ዓይነት ጨዋታ ሲጫወቱ አንጎላቸውን አነበበ። የአራቱም ተጫዋቾች ምላሽ በእርግጥ በዕጣ የተመረጠ ነበር። የሌላውን ሐሳብ የሚመረምረው የአንጎል ክፍል ግን ተጋጣሚው ሰው እየመሰለ በሄደ ቁጥር ሥራውን እየጨመረ ሄደ። መልክ ብቻውን ሐሳብ ያሳስባል ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ውይይቱ የሚሄደው መሰቅጠጡን እንዴት እናስወግድ ወደሚለው ነው፤ መሐንዲሶች ሸለቆውን እንደ ጉድለት ቆጥረው ለመሻገር ይደክማሉ። ፊትን በተመለከተ በምስል ደረጃ ተሻግረውታል። በ2022 ሶፊ ናይቲንጌልና ሃኒ ፋሪድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ፊቶችን ከእውነተኞች ጋር ቀላቅለው ለሰዎች አሳዩ። የተመልካቾቹ ትክክለኛ መልስ 48 በመቶ ገደማ ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም። ይባስ ብሎ የተሠሩት ፊቶች ከእውነተኞቹ ትንሽ የበለጠ «እምነት የሚጣልባቸው» ተባሉ። እዚያ ላይ የማስጠንቀቂያው ደወል ዝም ብሏል። በቴሌግራምና በፌስቡክ በማያውቁት ሰው ፎቶ ተማምነው ገንዘብ የሚልኩ፣ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ መስሎ በሚቀርብ ምስል የሚታለሉ ሰዎች ላይ ለመፍረድ የምንቸኩል ከሆነ ይህን ቁጥር እናስታውስ። ሞኝነት አይደለም፤ በ170 ሚሊሰከንድ በሩን የሚከፍተው ያው የሁላችንም አንጎል ነው።

ስለዚህ የሞሪን ምክር ዛሬም ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ። ሞሪ መሐንዲሶችን ፍጹም ሰው ለመምሰል አትጣጣሩ፣ ከሸለቆው በዚህኛው ወገን፣ ማሽንነቱ ሳይደበቅ በሚወደድበት ደረጃ ላይ ቁሙ ብሏቸው ነበር። ሰው ሠራሽ እጅንም በቆዳ ከማስመሰል የቡድሃ ሐውልት በሚቀርጹ ሰዎች እጅ እንደተሠራ ውብ የእንጨት እጅ ብታደርጉትስ ብሏል። ይህን ምክር በተግባር ካዋሉት አንዱ ፓሮ ነው፤ የአእምሮ መርሳት ችግር ላለባቸው አረጋውያን ማጽናኛ በጃፓን የተሠራ፣ የባሕር ውሻ ግልገል የሚመስል ሮቦት። ፈጣሪው ታካኖሪ ሺባታ ድመትን ወይም ውሻን ትቶ ይህን እንስሳ የመረጠው ሰዎች የባሕር ውሻ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አጥርተው ስለማያውቁ ነው። ግምት ከሌለ የሚከሽፍ ግምት የለም። አረጋዊቷ ታቅፈዋለች፣ ትዳብሰዋለች። አገራችን ለሆስፒታልም ሆነ ለትምህርት ቤት ሮቦት የምታስገባበት ቀን ሲመጣ፣ ነርስ የመሰለ ፊት የለበሰውን ትተን ማሽን መሆኑን ፊቱ ላይ የጻፈውን ብንመርጥ እወዳለሁ። የታመመ ሰው ከማን ጋር እንደሚነጋገር የማወቅ መብት አለው፤ ይህ መብት ከአፍ ማስጠንቀቂያ በፊት በመልክ ሊጠበቅ ይገባዋል።

በመጨረሻ ለሥነ ልቦናና ለነርቭ ሳይንስ ተማሪዎች አንድ ነገር ላቅርብ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሙከራዎች የተደረጉት በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። የሳይጊን ማብራሪያ ትክክል ከሆነና አንጎል በሚያውቀው ልክ የሚገምት ከሆነ የእኛ ግምት ከእነሱ ሊለይ ይገባል። እኛ የሚያናግረንን ስንሰማ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «እህ» እንላለን፤ የውጭ አገር ሰው ሲሰማው የደነገጥን ይመስለዋል። ስንጨባበጥ ትከሻ እናጋጫለን፤ ለታላቅ ሰው ግራ እጃችንን በቀኝ ክንዳችን ላይ ደግፈን እንዘረጋለን። ታላቃችን ሲናገር ዓይናችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ የጄኖቫው ሮቦት ቀጥ ብሎ ሲያይ ለኛ ድፍረት ይመስለን ይሆናል።

ይህን ለመፈተን ኤም አር አይ አያስፈልግም። እንደ ዮሐንሰን መገጣጠሚያ ላይ መብራት አድርጎ ሁለት ሰዎች በኛ ወግ ሰላም ሲባባሉ መቅረጽ፣ ከዚያም ከእንቅስቃሴው አንዷን ብቻ፣ ለምሳሌ የትከሻዋን ዝንባሌ፣ በኮምፒውተር ማዛባት ይበቃል። ቪዲዮውን ለአዲስ አበባ ተመልካች፣ በባሕር ማዶ ተወልዶ ላደገ የኢትዮጵያውያን ልጅና ለውጭ አገር ሰው ማሳየት፣ ዓይናቸው የት እንደሚቆም መለካት፣ የቱ ቅጽበት ቅር እንዳሰኛቸው መጠየቅ። ግምቱ ከአስተዳደግ የሚመጣ ከሆነ የአዲስ አበባው ተመልካች የሚሰቀጥጠው ሌላው ምንም ሳይታየው በሚያልፍበት ቅጽበት ላይ ይሆናል። ሦስቱም በአንድ ቅጽበት ላይ ከተሰቀጠጡ ደግሞ ጉዳዩ ከባህል በታች ነው ማለት ነው፤ መልሱንም ከፕሪንስተን ጦጣዎች ጋር በምንጋራው የአንጎል ክፍል ውስጥ መፈለግ ይኖርብናል።